ከሪፍ ሻርኮች ጋር መጥለቅ፦ ከጅቡቲ ወደ ድሬና ሐረር ለምትመለሱ

የከዚራ ጠላቂ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ ለድሬና ለሐረር ልጆች።

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል። አንዱ ጅቡቲ ሥራ አግኝቷል። ሌላዋ ለእረፍት ልትወርድ ነው። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ «ከሻርክ ጋር ውሃ ውስጥ መግባት አያስፈራም ወይ?» ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

በመርከብ ጥገና ሥራ ፖርት ሱዳንም ጅቡቲም ኖሬአለሁ። ስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ መጥለቅን፣ የተማርኩትም እዚያው ነው። ካየኋቸው ቦታዎች ሁሉ የምወደው ሻዓብ ሩሚ ነው፤ ከፖርት ሱዳን በሰሜን ምሥራቅ በኩል ባህሩ ውስጥ ያለ ሪፍ፣ ማለትም ኮራል የሠራው የባህር ውስጥ አለት። ፈረንሳዊው የባህር አሳሽ ዣክ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 ሰዎችን ባህር ሥር በሠራው ቤት ያኖረው እዚያ ነው። የብረቱ ቅሪት አሁንም አለ፣ እሱን ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው ብዙ ነበር። ሱዳን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2023 ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ግን ማንንም ወደዚያ ሂድ አልልም። እኔን የሳበኝ የሪፉ ደቡባዊ ጫፍ ነው። ሻርኮቹ ያሉት እዚያ ነው።

ከጀልባ ስትገባ ታች አይታይም። ሰማያዊ ብቻ ነው። ግድግዳውን በአንድ ጎን ይዘህ ቀስ ብለህ ትወርዳለህ። አምስት ስድስት ሜትር ላይ ቀይ ቀለም መጥፋት ይጀምራል። ሃያ ሜትር ስትደርስ ቀይ ጓንትህ ቡናማ ሆኗል፣ እጅህን ኮራል ቢቧጭርህ ደሙ አረንጓዴ ይመስላል። ከዚያ ሪፉ ወደ ደቡብ ተዘርግቶ ሜዳ ይሆናል። ሜዳው ካለቀ በኋላ ገደል ነው።

ግራጫዎቹ ሪፍ ሻርኮች የሚመላለሱት በገደሉ ጠርዝ ላይ ነው። ከረንቱ (የባህሩ ጅረት) ሪፉን የሚመታበት ቦታ ትንንሽ ዓሣ ይበዛል፣ ትንንሹ ባለበት ትልቁ ይመጣል። ብዙዎቹ ከሰው ቁመት ብዙም አይበልጡም፣ ሁለት ሜትር የሚደርሱ ግን አሉ። ወፍራም ናቸው፣ ጡንቻ ብቻ። ጅራታቸው ዳር ላይ ጥቁር መስመር አለ። መጀመሪያ ከሩቅ ጥላ ታያለህ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ አንዱ ዞር ብሎ በጎንህ ያልፋል፣ ዓይኑ ሲያይህ ታየዋለህ። ያን ጊዜ ፍርሃት አይሰማህም ብዬ አልዋሽም። ግን ፍርሃቱ ቶሎ ያልፋል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማየት ብቻ ነው፣ እኔ በሕይወቴ እንደዚያ በሙሉ ልቤ ተመስጬ ያየሁት ነገር ጥቂት ነው።

ሥርዓቱ ቀላል ነው። ሪፉን ከጀርባህ አድርግ። አትከተላቸው። እጅህን አታወናጭፍ፣ ወደ አንተ እየመጣ ያለውን መንገድ አትዝጋበት፣ ወደ ጥግ አትግፋው። ግራጫ ሪፍ ሻርክ ሲጨንቀው ይናገራል፦ ጀርባውን ያጎብጣል፣ የጎን ክንፎቹን ወደ ታች ይጥላል፣ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ጭንቅላቱን በሰፊው ግራ ቀኝ እያወዛወዘ ይዋኛል። ይህን ካየህ ፊትህን ወደ እሱ እንዳዞርክ ቀስ ብለህ ራቅ። ቪዲዮ ለመቅረጽ የሚጠጋ ሰው ነው ጉዳት የሚያመጣው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያስፈራው ሻርኩ አይደለም፣ ግፊቱ ነው። እኛ ደግሞ ከደጋው በኩል ስለምንመጣ ሌላ ጣጣ አለብን። በየአሥር ሜትሩ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ይጨመርብሃል። ሠላሳ ሜትር ላይ ከላይ ካለው አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ ከሲሊንደሩ የምትተነፍሰው አየርም አራት እጥፍ ቶሎ ያልቃል። ሰው «ኦክስጅን ተሸክሞ ገባ» ይላል፣ ግን ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የተጨመቀ ተራ አየር ነው፣ አብዛኛው ናይትሮጅን። ያ ናይትሮጅን በግፊቱ የተነሳ ደምህና ሥጋህ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለህ ከወጣህ በሳንባህ በኩል ይወጣል። ቸኩለህ ከወጣህ ግን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል፣ አረፋውም መገጣጠሚያ ውስጥ፣ ነርቭ ውስጥ፣ ሊገባ ይችላል።

አሁን አስቡ። ጅቡቲ ባህር ጠለል ላይ ናት። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። ሐረር ከ1800 ሜትር በላይ ናት፣ የደንገጎን ዳገት አልፈህ አደሌና ሐረማያ ስትደርስ ደግሞ ወደ 2000 ሜትር ነው። ስለዚህ ጠልቀህ በማግስቱ ማለዳ በባቡር ወይም በመኪና ወደ ቤትህ ስትመለስ ሰውነትህ አውሮፕላን እንደተሳፈረ ነው የሚቆጥረው። መውጣቱ አላለቀም ማለት ነው። የጠላቂዎች መጽሐፍ ሁሉ «ከጠለቅክ በኋላ አትብረር» ይላል። መጽሐፉ የተጻፈው ባህር ዳር ለሚኖር ሰው ስለሆነ ቤትህ ተራራ ላይ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። አስተማሪዎቹም አብዛኞቹ ድሬን በካርታ ነው የሚያውቋት።

የተለመደው ምክር ይህ ነው፦ አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቅክ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመህ ወይም ለተከታታይ ቀናት ከጠለቅክ ቢያንስ 18 ሰዓት ባህር ጠለል ላይ ቆይ። ይህ ምክር የሚሠራው ከ600 እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ለሚወጣ ሰው ነው። ድሬም፣ ደንገጎም፣ ሐረርም እዚያ ውስጥ ናቸው።

ጥያቄ ያላችሁ ጻፉ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ፈረስ መጋላ

አቦ ይህን እንኳን ጻፍከው! እኔ የሐረር ልጅ ነኝ፣ ታኅሣሥ ላይ ልወርድ አስቤ ነበር። የከፍታውን ነገር ከማንም ሰምቼ አላውቅም። አስጎብኚ ስለሆንኩ ከጅቡቲ የሚመጡ እንግዶች ይገጥሙኛል፣ ጠዋት ባህር ገብተው ማታ ጅብ ሲበላ ለማየት ሐረር ለመድረስ የሚያቅዱ አሉ። ከአሁን በኋላ መጀመሪያ የምጠይቃቸው «መቼ ነው የጠለቃችሁት?» ብዬ ነው።

ጥያቄዬ፦ ጅቡቲ ውስጥ የሪፍ ሻርክ የት ነው ያለው? ሁሉም ሰው የሚነግረኝ ስለ ዌል ሻርክ ነው።

የከዚራ ጠላቂ

ፈረስ መጋላ፣ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ዌል ሻርክ ከዓለም ዓሣ ሁሉ ትልቁ ነው፣ ግን የሚበላው ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ነገሮችን አጣርቶ ነው። ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ፣ አርታ ፕላጅ በሚባለው ዳርቻ አካባቢ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ይመጣሉ። አብዛኞቹ ገና ወጣት ወንዶች ናቸው። ለእነሱ ሲሊንደር አያስፈልግህም፣ ማስክና ስኖርክል (ላይ ላይ ሆነህ የምትተነፍስበት ቱቦ) ይበቃል፣ ላይ ላይ ነው ያሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው እኔም የምመክረው ይህንን ነው።

ለሪፍ ሻርክ ግን ራቅ ማለት አለብህ። ባብ ኤል መንደብ መግቢያ ላይ ሰባቱ ወንድማማቾች የሚባሉ ደሴቶች አሉ፣ ሳዋቢም ይሏቸዋል። ሰዎች በጀልባ ላይ እያደሩ ነው እዚያ የሚጠልቁት። ከረንቱ ኃይለኛ ነው። ለጀማሪ አይሆንም፣ ይህን ደጋግሜ እናገራለሁ። ለመማር ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች ይሻላሉ፣ ለከተማው ቅርብ ናቸው፣ ውሃውም ረጋ ያለ ነው።

እናት ከገንደ ቆሬ

ልጆቼ እንዴት ዋላችሁ። እኔ ስለ ባህር የማውቀው ነገር የለም። ልጄ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሥራ ይዟል፣ ጓደኞቹ ከሻርክ ጋር እንጠልቃለን ብለው ስኩባ ሊያስጀምሩት ነው። እኔ እንቅልፍ አጣሁ። ይህ አውሬ ሰው አይበላም ወይ? እውነቱን ንገሩኝ፣ አታባብሉኝ።

የከዚራ ጠላቂ

እትዬ፣ እንኳን ጠየቁ። አላባብልዎትም።

በመላው ዓለም ሰው ሳይተነኩሰው ሻርክ የሚነክሰው ሰው በዓመት በአማካይ ከ60 እስከ 70 አካባቢ ነው። የሚሞቱት ጥቂት ናቸው፣ በአማካይ አምስት ስድስት ሰው። አብዛኞቹም ላይ ላይ የሚዋኙ ወይም በማዕበል ላይ የሚንሸራተቱ ናቸው። የሪፍ ሻርክ የሚበላው ዓሣ፣ ኦክቶፐስና የመሳሰለውን ነው። ሰው ምግቡ አይደለም። ነክሶ የሚያውቀውም አብዛኛውን ጊዜ ሰው በጦር የወጋውን ዓሣ ይዞ ሲዋኝ ነው፣ ወይም ማስፈራሪያውን አይቶ እምቢ ብሎ ሲጠጋው።

ለልጅዎ የሚሉት ግን አለ። «ሰርተፊኬት ሳትይዝ አትግባ» ይበሉት። «ከተፈቀደልህ ጥልቀት አትለፍ» ይበሉት። የመጀመሪያው ደረጃ ኦፕን ዋተር ነው፣ እስከ 18 ሜትር ይፈቅዳል። ቀጣዩ አድቫንስድ ነው፣ እስከ 30 ሜትር። ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው መጨረሻው 40 ሜትር ነው። ጥልቁ ሪፍ ጋ ሻርክ አለ ብለው ጓደኞቹ ቢጎትቱት እምቢ የማለት መብት አለው። እናቱ ስትለምነው ይሰማል።

ሲስተር ሳራ ድሬ

ነርስ ነኝ፣ ድሬ ውስጥ ነው የምሠራው። ይህ ርዕስ በመነሳቱ በጣም ደስ ብሎኛል፣ አንድ ነገር እንድጨምር ፍቀዱልኝ።

የናይትሮጅኑ በሽታ፣ ዲኮምፕሬሽን ሲክነስ የሚባለው፣ ምልክቱ የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። ትከሻ፣ ክርን፣ ጉልበት። ከዚያ ከባድ ድካም፣ የቆዳ ሽፍታ፣ መደንዘዝ፣ ባስ ካለ የእግር መስነፍ። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይታያል፣ ከዚያ የሚዘገይም አለ፣ ከፍታ ላይ ሲወጣም ሊቀሰቀስ ይችላል።

አሁን ድሬ ውስጥ አንድ ወጣት የመገጣጠሚያ ሕመምና ድካም ይዞት ቢመጣ እኛ መጀመሪያ የምናስበው ምንድን ነው? ቺኩንጉንያ። ዴንጊ። ወባ። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ቺኩንጉንያ ድሬን እንዴት እንዳጠቃት ሁላችንም እናስታውሳለን፣ ያልታመመ ቤት አልነበረም። ስለዚህ ደም ይመረመራል፣ ማስታገሻ ይሰጠዋል፣ ቤቱ ይላካል። ባህር ውስጥ ገብቶ እንደነበር ማንም አይጠይቀውም፣ ምክንያቱም ድሬ ባህር የላትም!

ስለዚህ እባካችሁ፣ ከጅቡቲ በተመለሳችሁ ሰሞን ሕመም ከተሰማችሁ ካርድ ክፍል ስትደርሱ ጀምሮ «ስኩባ ጠልቄ ነበር፣ በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ እስከዚህ ሜትር» ብላችሁ ተናገሩ። በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። የመጀመሪያው እርዳታ ንጹሕ ኦክስጅን በማስክ መስጠት ነው፣ በጀርባው አጋድሞ፣ ሳያቆሙት፣ ፈሳሽም እየሰጡ። ሙሉ ሕክምናው ግን ግፊት ባለው ክፍል ውስጥ ነው የሚሰጠው። ምልክቱ ጅቡቲ እያላችሁ ከጀመረ ደግሞ «ቤቴ ደርሼ እታከማለሁ» አትበሉ። ወደ ከፍታ መውጣት ያባብሰዋል። እዚያው ሁኑ፣ ያጠለቃችሁን ድርጅት ጥሩ።

አስም ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ሐኪም ሳያይ አይግባ። ነፍሰ ጡር ሴት ጭራሽ አትጥለቅ። ጉንፋን ከያዛችሁም ቀኑን አሳልፉት፣ ጆሮ አይከፈትም፣ የጆሮ ታምቡር ሊጎዳ ይችላል።

የከዚራ ጠላቂ

ሲስተር፣ ይህን አስቤው አላውቅም። አመሰግናለሁ። የቺኩንጉንያው ነገር ለሁሉም ሰው መድረስ አለበት። አስተዳዳሪዎች፣ የእሷን መልስ ከላይ ብትሰኩት ጥሩ ነው።

የመድረኩ አስተዳዳሪ

ተሰክቷል። አንድ ማሳሰቢያ፦ ስለ ወደብ ፖለቲካ የተጻፉ ሁለት መልሶች ወደ ሌላ ክፍል ተዛውረዋል። እዚህ ስለ መጥለቅ ብቻ።

የሳቢያን ልጅ

እኔ ጥያቄዬ ትንሽ ያሳፍራል። ዋና አልችልም። የድሬው ወንዝ ደቻቱ ሞልቶ ሲመጣ እንጂ ውሃ ሲዋኙበት አይቼ አላውቅም። ስኩባ ለመማር ዋና ግዴታ ነው እንዴ? ጃኬቱ ያንሳፍፋል ይሉኛል። ሌላው፣ ሰዎች ጅቡቲ ስንሄድ ጀልባው ላይ ጫት ይዘን እንገባለን ይላሉ። ይሄስ?

የከዚራ ጠላቂ

ምንም አያሳፍርም። ደረቅ አገር ነው ያደግነው።

ዋና ግዴታ ነው። ለኦፕን ዋተር ሰርተፊኬት 200 ሜትር ሳታቋርጥ መዋኘትና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ ተንሳፍፈህ መቆየት ይጠበቅብሃል። ፍጥነት አይለካም። ድሬ ውስጥ የሆቴል መዋኛ ገንዳዎች አሉ፣ ጥሩ አስተማሪ ፈልገህ ጀምር። መጀመሪያ መማር ያለብህ ፊትህን ውሃ ውስጥ ከትተህ ቀስ ብሎ መተንፈስን ነው። ማስክህ ውስጥ ውሃ ሲገባ ሳትደነግጥ በአፍንጫህ ተንፍሰህ ማስወጣት። ሠላሳ ሜትር ላይ ሻርክ አጠገብህ ሲያልፍ ማስክህ ቢፈስ የሚያድንህ እሱ ልምምድ ነው።

ጫቱን ደግሞ ተወው ወንድሜ። ይህን በጣም ከልቤ ነው የምልህ። የአወዳይ ጫት በየቀኑ ጅቡቲ ይገባል፣ እዚያ ያለው ሰው ሁሉ ይቅማል፣ ስለዚህ ነውር አይመስልም። ግን ጫት የልብ ምት ይጨምራል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ አፍ ያደርቃል። የልብ ምትህ ሲፈጥን ትንፋሽህ ይፈጥናል፣ አየርህ ያልቃል። ሰውነትህ ከደረቀና ካልተኛህ የናይትሮጅኑ አደጋ ይጨምራል። ቅመህ ካደርክ ጠዋት አትግባ። ጀልባው ላይ ቁጭ ብለህ ጓደኞችህን ጠብቅ።

የአየሩን ሒሳብ አንዴ ላሳይህ። የተለመደው ሲሊንደር 12 ሊትር ነው፣ በ200 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ሲሞላ 2400 ሊትር አየር ይይዛል። ረጋ ያለ ሰው ላይ ላይ በደቂቃ 20 ሊትር ይተነፍሳል እንበል። ሠላሳ ሜትር ላይ 80 ሊትር ይሆናል። 50 ባር ለመጠባበቂያ ትተዋለህ፣ 1800 ሊትር ይቀርሃል። ያ ሃያ ደቂቃ ትንሽ አለፍ ይላል፣ መውረጃና መውጫውን ጨምሮ። የደነገጠ ወይም ልቡ የሚመታ ሰው ከዚያ በጣም ባነሰ ጊዜ ይጨርሳል። ከሻርኮቹ ጋር የምትቆየው ጊዜ በትንፋሽህ ነው የሚወሰነው።

ሐረማያ ባዮሎጂ

ሰላም። እኔ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ስለ ሻርኮቹ ራሳቸው ትንሽ ልጨምር።

ብዙ ሰው ሻርክ መዋኘት ካቆመ ይሞታል ይላል። ለአንዳንዶቹ እውነት ነው፣ ለሁሉም ግን አይደለም። የክንፉ ጫፍ ነጭ የሆነው ሪፍ ሻርክ ቀን ቀን ዋሻ ውስጥ ወይም አሸዋ ላይ ተኝቶ ታገኙታላችሁ። ውሃውን በራሱ ወደ ስንጥቦቹ መግፋት ይችላል። ሌሊት ነው የሚያድነው፣ ቀጭን ስለሆነ በኮራሉ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የተደበቀ ዓሣ ያወጣል። የክንፉ ጫፍ ጥቁር የሆነው ደግሞ ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው የሚውለው፣ ጉልበት በሚደርስ ውሃ ውስጥ እንኳን የጀርባ ክንፉ ብቅ ብሎ ይታያል። ሁሉም አፍንጫቸው አካባቢ በጣም ደካማ ኤሌክትሪክ የሚሰማ አካል አላቸው። አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ዓሣ ጡንቻው ሲንቀሳቀስ ያውቁታል።

ግራጫው ሪፍ ሻርክ የሚወልደው ሕያው ግልገል ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ስድስት። እርግዝናው አንድ ዓመት ገደማ ነው። ለመውለድም ዓመታት ይፈጅበታል። ስለዚህ ዓሣ አጥማጅ አንድ ሪፍ ላይ መረቡን ቢጥል በአንድ ወቅት የሚያጠፋው በብዙ ዓመት አይተካም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ትልቅ ጥናት በ58 አገሮች 371 ሪፎችን በካሜራ አይቶ ነበር። ከአምስቱ ሪፎች በአንዱ ያህል አንድም ሻርክ አልታየም። ሻርኩ ነው ከእኛ የሚፈራው ለማለት የሚያስደፍር ነው።

ፓላው የምትባለው የፓስፊክ ደሴት አገር እ.ኤ.አ. በ2009 ውሃዋን ሁሉ ለሻርክ መጠለያ አደረገች። እዚያ የተሠራ ጥናት አንድ የሪፍ ሻርክ በሕይወት ሲኖር በዓመት 179000 ዶላር ያህል በቱሪዝም እንደሚያስገባ አስልቷል። ለክንፉ ተብሎ ሲታረድ የሚያስገኘው ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

ፈረስ መጋላ

ሐረማያ ባዮሎጂ፣ ጥሩ ትምህርት ነው። አባቶቻችን ሐረማያ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲሄዱ ነበር ይሉናል፣ እኛ ደርቆ አየነው። አሁን ውሃ ተመልሶ ገብቶበታል፣ እሱም እንዳይደርቅ ነው ምኞቴ።

የከዚራ ጠላቂ፣ አንድ ነገር አከራክሮን ነበር ከጓደኞቼ ጋር። እኛ ሐረር ጅብ በእጅ፣ በአፍም፣ እናበላለን። ሻርክንም በውሃ ውስጥ የሚያበሉ ሰዎች አሉ። ሁለቱ አንድ ነው ያሉኝ አሉ። እኔ አልተስማማሁም። ጅቡ ወደ ጁገል፣ በግንብ ወደታጠረው የድሮ ከተማችን፣ የሚመጣው ሥጋ ስለተጣለለት ብቻ አይደለም። ግንቡ ላይ መግቢያ ቀዳዳ ተሠርቶለታል። ሌሊት ገብቶ የከተማውን ጥራጊ ያጸዳል። ሰውም ለዓመታት ለምዶታል፣ እሱም ሰውን ለምዶታል። የሚያበላው ሰው እያንዳንዱን ጅብ ያውቀዋል፣ በስሙ ይጠራዋል፣ ነገም ከነገ ወዲያም እዚያው አለ። ባህር ላይ ግን ሥጋ የሚጥለው ሰው ነገ የለም። ቱሪስቱ ፎቶ አንስቶ ይሄዳል፣ ሻርኩ ግን ጀልባ ሲሰማ ምግብ ነው ብሎ መምጣት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ዓሣ የሚያጠምድ ልጅ በዚያ ቢዋኝስ?

የከዚራ ጠላቂ

ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። ባሃማስ ውስጥ ሻርክ ማብላት ትልቅ ንግድ ነው፣ ፍሎሪዳና ሃዋይ ደግሞ ከልክለዋል። እኔ ሥጋ የሚጥል ጀልባ አልሳፈርም። ማየት የምፈልገው በራሱ ጉዳይ ላይ ያለውን ሻርክ ነው። ከረንት ባለበት ጠርዝ ላይ ተረጋግተህ ከቆየህ ሳይጠሩት ይመጣል።

እስቲ ስለ ፋካራቫ ልንገራችሁ፣ እንደዚህ ያለውን ነገር ለማሰብ ያህል። ፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ውስጥ ያለ አቶል፣ ማለትም መሐሉ ውሃ የሆነ የኮራል ደሴት ነው። በደቡቡ መተላለፊያ ወደ 700 የሚጠጉ ግራጫ ሪፍ ሻርኮች ይኖራሉ። ማንም አይጠራቸውም። ግሩፐር የሚባሉት ዓሦች በዓመት አንድ ጊዜ በሺህ እየሆኑ እንቁላል ለመጣል እዚያ ይሰበሰባሉ፣ ሻርኮቹም ሌሊት ያድኗቸዋል። ሎራን ባሌስታ የሚባል ፈረንሳዊ ባዮሎጂስትና ፎቶ አንሺ እ.ኤ.አ. በ2014 እዚያ 20 ሜትር ላይ 24 ሰዓት ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆይቷል፣ ይህን ለማየት። ከቡድኑ ጋር ሌሊት በሻርኮቹ መሐል ሠርተዋል፣ ያለ ብረት አጥር።

አንዴ ብሄድ ደስ ይለኛል። ሩቅ ነው፣ ውድ ነው። ግን በልቤ አለ።

እናት ከገንደ ቆሬ

ልጆቼ ሁሉንም አነበብኩት። የጎረቤት ልጅ አነበበችልኝ፣ ዓይኔ ደክሟል። ለልጄ ደወልኩ። የተባለውን ሁሉ ነገርኩት፣ የጫቱንም ጭምር። «ሰርተፊኬት ሳልይዝ አልገባም» ብሎኛል። እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ሲስተር አንቺንም ይባርክሽ።

ሲስተር ሳራ ድሬ

አሜን እማማ። ሲመለስ በመጀመሪያው ሳምንት ካመመው እዚሁ ጻፉልን፣ ወይም ጤና ጣቢያ ወስደው መጥለቁን ይንገሩ። መገጣጠሚያዬን አመመኝ ካለ አይጠብቁ።

ፈረስ መጋላ

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከዚያ አላስቸግርህም። እንበል ኦፕን ዋተሩን ጨርሼ ሙሻ ላይ ለተከታታይ ቀናት ጠለቅኩ። የመጨረሻው ዓርብ ቀን 6 ሰዓት ላይ አለቀ። መቼ ነው ወደ ሐረር መነሳት የምችለው? በመኪና በደወሌ በኩል ነው የምመለሰው። ትርፍ ቀኑንስ ምን ልሥራበት?

የከዚራ ጠላቂ

አታስቸግርም። ለተከታታይ ቀናት ስለጠለቅክ 18 ሰዓቱ ነው የሚሠራልህ። ከዓርብ ቀን 6 ሰዓት ብትቆጥር ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ይሞላል። ያ ትንሹ ነው። አንተ ግን መድረሻህ ሐረር ነው፣ ደንገጎንም ትወጣለህ፣ ስለዚህ እኔ ብሆን 24 ሰዓት እሞላለሁ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ተነሳ። ወይም ቅዳሜ እደር፣ እሑድ በጠዋት ውጣ። የዳይቭ ኮምፒውተር (እጅ ላይ የሚታሰር የጥልቀትና የጊዜ መቁጠሪያ) ካለህ «አትብረር» የሚለው ሰዓት እስኪጠፋ ጠብቅ፣ ሁለቱ ከተለያዩ ረጅሙን ያዝ። መንገድ ላይ ውሃ ጠጣ።

በትርፉ ቀን ከተማው ውስጥ ቆይ። ገበያ ግባ፣ ዓሣ ብላ፣ ባህር ዳር ተቀመጥ፣ ስኖርክል ማድረግም ትችላለህ ላይ ላይ ከሆነ። ትንፋሽህን ይዘህ ወደ ታች አትጥለቅ። አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ጓደኞችህ «አርታ ይነፍሳል፣ እንውጣ» ይሉሃል። አርታ ፕላጅ ዳርቻው ነው፣ ችግር የለውም። አርታ ከተማ ግን ተራራ ላይ ናት፣ ከባህር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ። ተራራ ላይ ያለው የዳይ ጫካ ደግሞ ከፍታው ከዚያም በጣም ይበልጣል። ሁለቱንም ከመጥለቅህ በፊት ባሉት ቀናት ጎብኛቸው።